የአባት ስሕተት በልጅ አፍ

ጋሸና መገንጠያ ላይ መኪና እስኪሞላ ያልጠበቀ የላስታ ሰው የለም። አረጋም ያን ቀን ከልጁ ከሰብሌ ጋር ከወልድያ ሲመለስ መገንጠያው ላይ ወርዶ፣ አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የላሊበላውን ሚኒባስ ይጠብቃል። አረጋ ላሊበላ ውስጥ ቱሪስት በማስጎብኘት ያረጀ ሰው ነው። እንግሊዝኛውን ከፈረንጅ አፍ ቀድቶ ተማረ፤ በዚያም ይኮራል። ከኮሮናውና ከጦርነቱ የተረፈለት ሀብት ቢኖር ይኸው ኩራቱ ነው።

ያን ዕለት ግን ኩራቱ ቆስሏል። ሰብሌ ወልድያ ላይ ለአንድ አዲስ ሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ቀርባ፣ ጠያቂዎቹ በትሕትና ፈገግ ብለው "እንግሊዝኛሽ ይቀረዋል፤ አንሶላ ማጠብ ከፈለግሽ ግን ቦታ አለ" ብለው ሸኟት። ሻይ ሲቀርብላት "ዐረብ አገር እሄዳለሁ" አለች። አረጋ ገና አፉን ሳይከፍት መምህርት ንጋት ከተፍ አለች። ንጋት ላሊበላ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ሰብሌንም ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረቻት እሷ ናት። ያንኑ ሚኒባስ ፈልጋ ነው የመጣችው።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሽ አረጋ። ምነው ፊታችሁ ጠቆረብኝ?"

"ልጄን በመስተዋድድ ጣሏት፤ ኢን ነው፣ አት ነው፣ ኦን ነው እያሉ" አለ አረጋ። "ከጤፍ ያነሱ ቃላት ናቸው እኮ። ፈረንጅ ዕድሜዬን ሙሉ ሲሰማኝ ኖረ፤ አንድ ቀን አልገባኝም ያለኝ የለም።"

"ይገባቸዋል። ግን እንግዳ ናቸው፤ እንግዳ ደግሞ የባለቤቱን ወጥ ጨው በዛው አይልም።"

"እኔ ጨው የበዛበት ወጥ ነኝ በይኛ።"

"አይቀየሙኝ ጋሼ። በበሩ በሦስት ሰዓት እጠብቃችኋለሁ ለማለት 'አይ ዌት ዩ ኢን ዘ ጌት፣ ኢን ናይን ኦክሎክ' ሲሉ ሰምቼዎት አውቃለሁ። የእኛ 'በ' ለሁሉ ትበቃለች፤ እንግሊዝኛ ግን ሥራዋን ለብዙ አከፋፍሎታል። በበሩ ለማለት አት ዘ ጌት፣ በሦስት ሰዓትም አት ናይን ኦክሎክ ነው፤ በሰኞ ኦን ማንደይ፣ በጠዋት ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ በመኪና ባይ ካር፣ በእግር ደግሞ ኦን ፉት። አማርኛውን እየተረጎሙ ከሄዱ መሳሳት አይቀርም። ቃሉን ከነመስተዋድዱ መያዝ ነው። 'ዲፔንድ' ያለ 'ኦን'፣ 'ኢንተረስትድ' ያለ 'ኢን' አይጠናም፤ እንደ ባልና ሚስት አብረው ይጠራሉ። ከዚያ በኋላ ስንሳሳት የሚያርመን ሰው መፈለግ ነው።"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" አለ አረጋ።

ንጋት ተረቱን እንዳልሰማች አለፈችው። "ከማስጎብኘትዎ በፊት ዜማ ቤት ነበሩ አይደል? ከፊደሉ በላይ ያለችውን ምልክት የዘለለ ተማሪ ምን ይደረጋል?"

"ጓደኞቹ ፊት ያስደግሙታል። ዝም ከተባለማ ማኅሌት ላይ ይዋረዳል።"

"ታዲያ ያች ምልክት ከጤፍ ትበልጣለች?"

አረጋ የተረታ ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረገ፤ ተቆጣ። "ይህን ሁሉ ካወቅሽ ለልጄ ያኔ አትነግሪያትም ነበር?"

"ነግሬያታለሁ። ደብተሯ ላይ በቀይ ያረምሁላትን እርስዎ ይዘው መጥተው ተማሪ ፊት ጮኹብኝ። አለቃዬም 'ተያቸው፣ አንጋፋ አስጎብኚ ናቸው' አለኝ፤ ተውሁ። ከዚያ ወዲህ ያረማት መምህር የለም። አከበርንዎት እንላለን፤ እውነቱን ከጠየቁኝ ግን ተገላገልንዎት።"

የእኛ አገር አክብሮት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የሙያ ጓደኞቹ የአረጋን አነጋገር እየቀዱ በየማዕዱ ሲሳሳቁ ኖረዋል፤ እሱ ሲመጣ ግን ብድግ ብለው ወንበር ይለቁለታል። ወንበር መልቀቅ አይከብድም፤ ተሳስተሃል ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ድፍረቱ የነበራት አንዲት መምህርት ነበረች፤ እሷንም አረጋ ራሱ አፏን አስያዛት።

ይህን ጊዜ ሰብሌ ከሻይዋ ቀና አለች።

"አባባ፣ እኔም እኮ አውቀው ነበር።"

"ምኑን?"

"ትክክለኛውን። መምህርቴ ካረመችኝ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቤት ስገባ ግን እርስዎ እንደሚሉት እላለሁ። ምን ላድርግ፣ አባቴን ላርም? አንድ ቀን ትክክሉን ብናገር ቀኑን ሙሉ ኩርፍ ብለው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ የእርስዎን አነጋገር ለመድሁ። ዛሬ ጠያቂዎቹ ፊት ስደነግጥ አፌ ወደ ለመደው ሄደ።"

አረጋ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ በራሱ ተናደደ። ልጁ እሱን ላለማሳፈር ስትል ራሷን ሰው ፊት አሳፍራለች። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ከሰብሌ የቀረው ግን ሹመት ሳይሆን እንጀራ ነው።

"መምህርት" አለ ወደ ንጋት ዞሮ፣ "አጥፍቻለሁ። ሰው ፊት ጮኼብሻለሁና ይኸው ሰው ፊት ይቅርታ እልሻለሁ። ልጄን አስተምሪልኝ። ካላፈርሽብኝ እኔም አጠገቧ ልቀመጥ።"

"ኧረ ምን በወጣዎ፤ ይምጡ እንጂ" አለች ንጋት። "አፍዎ ተፈትቷል፤ የጎደለዎት መጋጠሚያው ብቻ ነው። እሱ ሲቃና እንግዳው ስሕተትዎን መቁጠር ትቶ ታሪክዎን ይሰማል። በሚመጣው ወርም ሌላ ሆቴል ሠራተኛ ይፈትናልና፣ ሰብሌ ጓዳ ሳይሆን ፊት ለፊት ለመቆም ትበቃለች።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስሕተቱን የሚያሳርም ሰው ዛሬ ቢያፍር ነገ ሥራ ያገኛል፤ ከሥራው በላይ ደግሞ ልጆቹ እውነቱን የሚነግሩት አባት ይሆናል። አረጋ ይህን ለመረዳት የልጁን ዕድል ከፈለበት፤ አንባቢ በርካሹ ይማር።

የሚኒባሱ ረዳት "ላሊበላ፣ ላሊበላ" እያለ ሲጣራ አረጋ ወደ ልጁ ዞረ።

"እንግዲህ ዐረብ አገር ቀረ አይደል ልጄ?"

"ቀረ አላልሁም። እማራለሁ፣ እፈተናለሁ። ከወደቅሁ እሄዳለሁ።" ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። "ብቻ ከእንግዲህ ብወድቅ በራሴ ስሕተት ልውደቅ፤ በእርስዎ አይሁን።"

አረጋ ሻንጣዋን አንሥቶ ተከተላት።