ዋጋ የሚነግር ስልክ

የነሐሴ ዝናብ ዲላ ላይ ሲወርድ መምህር ነህ ነጋዴ ነህ ብሎ አይለይም። እኔንም ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ ያዘኝና፣ ጃንጥላዬን ቤት ትቼ በመውጣቴ ራሴን እየረገምኩ የፈይሰል ስልክ መሸጫ ውስጥ ዘው አልኩ። ፈይሰል ወላጆቹ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ የነገዱ፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ ያደገ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሳበልኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ተቀመጥኩ እንጂ የሰው ክርክር ውስጥ የመግባት ሐሳብ አልነበረኝም።

ባንኮኒው ፊት ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ፊሊጶስ ነው፤ አምና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሒሳብ አያያዝ ያስተማርኩት፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከፊተኞቹ ቀድሞ የሚመልስ ልጅ። ሁለተኛው አጎቱ አቶ ቦና ናቸው። ከኮንጋ መንደር በሞተር ሳይክልና በሚኒባስ የመጡ ቡና አምራች ናቸው፤ የኮታቸው ትከሻ ውኃ ጠግቧል።

«ቲቸር! እግዜር ነው ያመጣዎት» አለ ፊሊጶስ። «እባክዎ አጎቴን ያስረዱልኝ፤ እኔ ደከመኝ።»

«እኔን ነው የሚያስረዱት?» አሉ አቶ ቦና ቆጣ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስተማሪ ነሽ ልጄ? ደህና። ሁለታችንን ስሚና ፍረጂ። የእሱም ግራ ገብቶኛል፣ የእኔም ግራ ገብቶኛል።»

እንዲህ ተብሎ እምቢ ማለት አይቻልም። ሒሳብ አያያዝ ደግሞ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ምን ያቅተኛል ብዬ ደረቴን ነፋ አደረግኩ።

«አምና» አሉ አቶ ቦና፣ «እሸት ቡናዬን ለቅሜ በጠዋቱ ሸጥኩ። ከሰዓት በኋላ ዋጋው ጨመረ። ጎረቤቴ አብዲሳ ስልክ አለው፤ ልጁ ከገደብ ከተማ ደውሎ ‹ጠብቅ› አለው፣ ጠበቀ። እኔን ማን ይንገረኝ? ዘንድሮ ስልክ እገዛለሁ ብዬ ማልኩ። ያችን ትልቋን፣ ባለ መስታወቷን።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ክርክሩ ምን ላይ ነው?»

«አከፋፈሉ ላይ» አለ ፊሊጶስ። «ስልኩ በእጅ በእጅ ዐሥራ ሁለት ሺህ ብር ነው። አጎቴ አለባቸው ከሚባል ሰብሳቢ ነጋዴ ጋር ተነጋግረዋል። የጓሮውን ቡና ዛፉ ላይ እንዳለ ሸጠውለት ዐሥራ ሁለቱን ሺህ ዛሬውኑ ሊቀበሉ ነው። ሰውየው መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«ገና ነሐሴ ላይ? ቡናው አረንጓዴ አይደለም እንዴ?»

«አረንጓዴ ነው። ግን ንጹሕ ነው፤ ዕዳ የለበትም» አሉ አዛውንቱ። «ሰጠሁ፣ ተቀበልኩ፣ አለቀ። ይሄ ልጅ የሚለኝ ግን ተበደር ነው። አማርኛው ‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር› ይላል አይደል? እኛ አገር ጤፍ የለም፣ ቆጮ ነው። ግን ተረቱ ልክ ነው።»

ፊሊጶስ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ብድር አይደለም አጎቴ፤ በየወሩ ክፍያ ነው። አሪፍ ነው እኮ። ዛሬ ሁለት ሺህ ሰጥተው ስልኩን ይዘው ይሄዳሉ፤ ለአንድ ዓመት በየወሩ አንድ ሺህ አምስት መቶ ይከፍላሉ። የወር ጥቅል ደግሞ በነፃ ነው! ኢንተርኔቱም፣ ደቂቃውም።»

«ነፃ» የሚለው ቃል ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል። ቅድሚያውና የዐሥራ ሁለቱ ወር ክፍያ ሲደመር ሃያ ሺህ ብር ይመጣል። በእጅ ከሚገዛው በስምንት ሺህ ይበልጣል፤ ነፃ የተባለው የጥቅል ዋጋ መሆኑ ነው። ይህን ስናገር ፊሊጶስ ራሱን አከከ። በክፍል ውስጥ ይህንኑ ሒሳብ ለእኔ ሠርቶ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ፣ እዚህ ግን የሚያብረቀርቀውን ስልክ ሲያይ ሒሳቡ ከጭንቅላቱ በኖ ነበር። የተማረ ሰው የሚሞኘው እንዲህ ነው፤ የማያውቀው ነገር ላይ ሳይሆን የሚያውቀው ላይ።

«እሺ፣ ጥቅል የሚሉት ራሱ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ቦና። «ከጠዋት ጀምሮ ጥቅል ጥቅል ይሉኛል።»

እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የጠፋነው። ፈይሰል ግድግዳው ላይ ወደተለጠፉት ዋጋዎች እያመለከተ በትዕግሥት ያስረዳ ጀመር። የቀን አለ፣ የሳምንት አለ፣ የወር አለ። የሁለቱ የስልክ ኩባንያዎች ለየብቻ ነው። ድምፅ ብቻ የሆነ አለ፣ ከኢንተርኔት ጋር የተደባለቀ አለ። በስልክ ገንዘብ ሲገዙት ጭማሪ የሚሰጥ አለ። ለሌሊት ብቻ የሚሠራ፣ በጣም ርካሽ የሆነ አለ።

«ሌሊት?» አሉ አቶ ቦና። «ሌሊት የሚደወለው ሰው ሲሞት ነው። ርካሽ ነው ብዬ ልግዛና ሞት ልጠብቅ?»

ፈይሰል ሳቀና «ይቅርታ አባቴ፤ እሱን ይተዉት» አለ።

«ትልቁን ስጠኝ በቃ። የወሩን። ብዙ ጆንያ በጅምላ ሲገዛ ይረክሳል፤ ይሄን እኔም አውቃለሁ።»

«ወሩ ሲያልቅ የተረፈው ደቂቃ ይጠፋል» አልኩ።

አዛውንቱ አፍጥጠው አዩኝ። «የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም። ይቃጠላል።»

«ገንዘብ ከፍዬበት?»

«ከፍለውበት።»

«ሌባ ነው የወሰደው?»

«የለም፣ ውሉ ነው።»

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ፈይሰልን፣ ግድግዳውን፣ እኔን በየተራ አዩ። እኔም እውነት ለመናገር በዚያ ሰዓት ለራሴ ስልክ የትኛው ጥቅል እንደሚሻል ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ዓመታት ሙሉ ጓደኛዬ ገዛች ብዬ ነው የምገዛው። ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ይልቅ እሳቸው የሚያውቁት ምሳሌ ፈለግኩ።

«አቶ ቦና፣ እሸት ቡና ለቅመው ሳምንት ቢያስቀምጡት ምን ይሆናል?»

«እሸት? በዕለቱ ቡና ማጠቢያው ጣቢያ ካልደረሰ ተበላሸ።»

«አድርቀው ጀንፈል ካደረጉትስ?»

«ጀንፈል ይቀመጣል። ዋጋ እስኪመጣ ጎተራ ውስጥ ይጠብቃል።»

«ጥቅል ማለት እሸት ነው። ይረክሳል፣ ግን በጊዜው ካልጨረሱት ይበላሻል። ዝም ብሎ ካርድ ተሞልቶ የሚቀመጥ ሒሳብ ጀንፈል ነው። ደቂቃው ወደድ ይላል፣ ግን ቶሎ አይበላሽም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ረከሰ አይደለም። እርስዎ ስንቱን ይጨርሳሉ ነው።»

የአቶ ቦና ግንባር ተፈታ። «ኣ! እንዲህ በይኝ እንጂ!» አሉ። ፈይሰልም ከባንኮኒው ጀርባ «እትዬ ፀዳለ፣ ይቺን ለሌላውም ደንበኛ እናገራታለሁ» አለ።

ድል ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ግን አዲስ ጣጣ መጣ። ከማን ጋር እንደሚያወሩ ብጠይቃቸው፣ ከፊሊጶስና ከአንዲት እህታቸው በቀር ማንም የለም አሉ፤ በወር ጥቂት ደቂቃ ይበቃቸዋል ማለት ነው። «ታዲያ ጥቅል ምን ያደርግልዎታል?» ስላቸው፣ «ጎረቤትስ?» አሉ። «ስልክ ይዤ ጎረቤቴን አትደውል ልበለው? በለቀማ ጊዜ ሰው ሁሉ ማጠቢያው ጣቢያ ነው የሚውለው። ‹አቦ ቦና፣ ስልክህን ስጠኝ› ሲለኝ ደቂቃዬ ውድ ነው እላለሁ? ነውር ነው።»

ሒሳቤ ፈረሰ። ሰው ለብቻው የሚናገርበት አገር ሒሳብ ይዤ፣ አንድ ስልክ የመንደር የሆነበት አገር ገብቼ ነበር። ጥቂት አሰብኩና፣ እንግዲያው በለቀማ ወቅት ብቻ የሳምንት የድምፅ ጥቅል ቢገዙ ጎረቤት ሁሉ ተደዋውሎ ሳይበላሽ ያልቃል፣ በክረምት ግን ተራው ሒሳብ ይበቃል አልኩ። ይህን ተቀበሉኝ።

ዋናው ጉዳይ ግን አልተፈታም። ሰውየው ሻይ ቤት ይጠብቃል።

«የጓሮው ቡና አምና ስንት አወጣ?» አልኩ።

«ከሠላሳ ሺህ ትንሽ አለፈ።»

«ዘንድሮ በዐሥራ ሁለት ሊሰጡት ነው። እንግዲያው የፊሊጶስ ይሻላል! ሃያ ሺህ ከሠላሳ ያንሳል» ብዬ ፈረድኩ። ፊሊጶስ ፊቱ በራ።

አቶ ቦና ግን አልተንቀሳቀሱም። «አስተማሪ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መስከረም ላይ ከየት አመጣለሁ? የካቲት ላይስ? ሚያዝያ ላይስ? የእኔ ገንዘብ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ያንን ወር ሳልከፍል ብቀር ምን ይሆናል?»

የመለሰው ፈይሰል ነው፤ ዕቃውን መሸጥ እየፈለገ እንኳ አልዋሸም። «ስልኩ ይቆለፋል አባቴ። እስኪከፈል አይሠራም።»

«ተቆልፎ እከፍላለሁ?»

«ውሉ እንደዚያ ነው።»

ወር የሚባለው ነገር የደመወዝተኛ መለኪያ ነው። እኔና ፊሊጶስ በወር ስለምንኖር ዓለም ሁሉ በወር የሚኖር መስሎን ነበር። ቡና የሚያመርት ሰው በለቀማ ነው የሚኖረው። የየወር ክፍያ እሳቸው ላይ መጫን ገና ያላፈራን ዛፍ ያለ ጊዜው ለመልቀም መሞከር ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው ተከዘ፤ «ልክ ነው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲው ለምግብ በየወሩ በሚሰጠኝ በካፌ ገንዘቤ ነው ያሰብኩት» አለ።

አሁን ሁለቱም መንገድ ተዘጋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ ቦና ኮታቸውን ሳብ ሳብ አድርገው ወደ በሩ ዞሩ። «እንግዲህ አለባቸው ይሻላል። ሰጠሁ፣ ተቀበልኩ፣ ያልቃል።»

እንደዚያ ወጥተው ቢሄዱ ሙሉ ዓመታቸው አብሮ ይሄዳል፤ እኔም ምክር ሰጪ ተብዬ ተቀምጬ አስሸጥኳቸው ማለት ነው። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ አባቴ። ስልኩን የሚገዙት ለምንድን ነው ያሉኝ?»

«የቡና ዋጋ ለማወቅ።»

«ጥቅምት ላይ ስልኩ ዋጋ ነገረዎት እንበል። ደስ አለዎት። በዚያ ዋጋ የሚሸጡት የትኛውን ቡና ነው?»

«የጓሮውን ነዋ።»

«የጓሮውንማ ዛሬ ሸጡት።»

አቶ ቦና ከበሩ ተመለሱ። ፊሊጶስ አቀረቀረ።

«ሌላ ማሳ አለዎት?» አልኩ።

«ለቤት የሚሆን ጥቂት ዛፍ ነው ያለኝ። የሚጠጣ።» የሳቡትን ኮት ለቀቁት። «ዋጋ የምትነግረኝን ስልክ ያለ ዋጋ በሸጥኩት ቡና ልገዛ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ስልኳ የምትጮኸው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።»

«እንደዚያ ነው። ደግሞ አለባቸው ሌባ ነው አላልኩም፤ ሥራው ነው። እሱ ጥቅምትን አውቆ ነሐሴ ላይ ይገዛል። እርስዎ ግን ዕዳ የለብኝም ሲሉ ያልታየዎት ዕዳ ነበረብዎት። ከሠላሳ ሺህ ብር ዐሥራ ስምንቱን ሺህ ለሁለት ወር ጥድፊያ ሊከፍሉ ነበር።»

«ታዲያ ዘንድሮም ሳላውቅ ልሽጥ?»

«ዋጋ በመስታወት ላይ ካልታየ ዋጋ አይሆንም ያለዎት ማን ነው?» አልኩ። «ፊሊጶስ ስልክ አለው፤ የየዕለቱን ዋጋ ያያል። ደውሎ ይነግርዎታል። ለመስማት ባለ ቁልፏ ትንሿ ስልክ ትበቃለች። ፈይሰል፣ ስንት ነች?»

«አንድ ሺህ ስድስት መቶ። ለእናንተ አንድ ሺህ አምስት መቶ።»

ፊሊጶስ ጣልቃ ገባ። «ቲቸር፣ ሰው ባለ ቁልፍ ሲያይባቸው...» ብሎ ሳይጨርስ አጎቱ ተቆጡ። «ሰው ምን ሲያይብኝ? አብዲሳ ‹ጠብቅ› የሚለውን ቃል የሰማው በጆሮው ነው። እኔም ጆሮ አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ሆነ፣ ተራ በተራም ያሰሉት ራሳቸው ነበሩ። ፊሊጶስ ለቅድሚያ ክፍያ ብሎ ካስያዛቸው ሁለት ሺህ ብር ስልኳም ሲሟም ይገዛሉ፣ የተረፈው ጀንፈል ሒሳብ ሆኖ ይሞላል። ቤታቸው ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት ድሮም አይደርሳቸውም፤ ለማይደርስ ነገር በየወሩ መክፈል ቀረላቸው። መብራት የላቸውም፤ ትንሿ ስልክ ግን አንዴ ጎረቤት ቤት ከተሞላች ብዙ ቀን ትቆያለች። ማንም አይቆልፍባቸውም። ቡናቸው በቀላ ጊዜ፣ በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል። ያኔም ባለ መስታወቷ ካማረቻቸው በእጅ በእጅ ገዝተው ቤት ይገባሉ፤ ስምንቱ ሺህም ኪሳቸው ይቀራል። ይህን ሁሉ ለፊሊጶስ እንደ አስተማሪ እየደጋገሙ አስረዱት፤ እኔም የተማሪዬን ቦታ ይዤ አዳመጥኩ። እያንዳንዱ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ለምን እንደሚገዛ፣ ስንቱን እንደሚጨርስና ገንዘቡ መቼ እንደሚገባለት ቢጠይቅ፣ በዚህ ከተማ የሚነድደው ገንዘብ ግማሹ በተረፈ ነበር።

ፈይሰል መታወቂያቸውን አይቶ ሲሙን አወጣ። ስልኳ ስትበራ አቶ ቦና በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ማንም ግን አልወጣም።

«ቁጥሩን ምታልኝ» አሉት ፊሊጶስን።

«የማንን አጎቴ?»

«የአለባቸውን። ሰው አስጠብቄ ዝም ማለት አልወድም።»

ፊሊጶስ ቁጥሩን መትቶ ሰጣቸው። የስልኳ ድምፅ ውጪ ድረስ ይሰማል።

«አለባቸው፣ እኔ ቦና ነኝ። ሻይህን ጠጣ፤ እኔ አልመጣም። ጥቅምት ላይ ማጠቢያው ጣቢያ ና፣ የዕለቱን ዋጋ ተነጋግረን እንገበያያለን።»

በወዲያኛው በኩል ሰውየው በመገረም ጠየቀ። «ጋሽ ቦና? ይሄ የማን ስልክ ነው? ማን ገዛልህ?»

«ራሴ» አሉ አዛውንቱ። «ቡናዬ ገና ዛፉ ላይ ነው።»