ከቆጮ ጉድጓድ የወጣችው ቀለበት

የጠዋቱ ነው የማታው፣ ትክክለኛው ጣቴ የቱ ነው? ይሄንን እስካሁን መመለስ አልቻልኩም።

ነፍሰ ጡር ሆኜ ጣቴ አብጦ የጋብቻ ቀለበቴ አልወጣ ብሎ ጤና ጣቢያ ቆርጠው አወጡልኝ። አሁን ልጄ ሦስት ወሯ ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፣ የተቆረጠውን ወርቅ ይዞ ሄዶ እዛ ሊያሠራልኝ ነው። ልጃችንን ቤተ ክርስቲያን በምናቀርብባት እሑድ ቀለበቷ ጣቴ ላይ እንድትሆን ይፈልጋል፣ እኔም እፈልጋለሁ። «ቤት ሆነሽ ጣትሽን በክር ለኪና ቁጥሩን ላኪልኝ፣ ግን አደራ፣ መልሼ ላሰፋ ላጥብብ ብል ጊዜ የለኝም» አለኝ። ለካሁ። ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ሆነብኝ። ግራ ሲገባኝ የባለቤቴን አያት እማማ ታደለችን ጠየቅኳቸው። እሳቸው ደግሞ ቀጥታ አይመልሱም፣ ጨዋታ ነው የሚጀምሩት። በስልኬ ቀድቼ ልክ እንዳሉት ጻፍኩት።

«በኛ ጊዜ ልጄ፣ ጣት የሚያስለካ ወንድ የልጅቷን ጣት አያየውም ነበር። ምን ማለቴ ነው፣ የታጨች ልጅ እጅ አይነካም። ታዲያ ሃንዲሶ፣ የባልሽ አያት ማለቴ ነው፣ አሁን ጌታ ጋ ነው ያለው፣ እሱ ታዲያ ከከተማ ቀለበት አሠርቶ ሊያገባኝ ፈለገ። በሰፈሩ በቀለበት ያገባ የለም። እሱ ግን ሆሳዕና ከተማ ሄዶ በቀለበት ሲጋቡ አይቶ ልቡ እዛ ቀረ። እና እንዴት ይለካኝ? እህቱን ዘነበችን ላከ።

ያን ቀን እኛ ቤት እንሰት እየተፋቀ ነበር። ታውቂዋለሽ አይደል፣ ሴቱ ይሰበሰባል፣ ጠዋት የተቀመጠ ፀሐይ እስክትዞር አይነሳም፣ ውሃው እስከ ክርን ይወርዳል፣ እጅ ያሳክካል፣ እጅ ያብጣል። ዘነበች መጣች፣ 'ላግዛችሁ' አለች። እርዳታ ማን ይጠላል። አጠገቤ ቁጭ አለች፣ ትንሽ ፋቀች፣ ትንሽ ፋቀችና፣ 'አንቺ ታደለች፣ ጣትሽ የኔን ያህላል?' አለችኝ። 'ምን አገባሽ፣ ዝም ብለሽ ፋቂ' አልኳት። 'አይ፣ ያንቺ ይወፍራል፣ ዘነዘና ነው የሚመስለው' አትለኝም! ተናደድኩ። 'ነይ ለኪው' ብዬ ዘረጋሁላት። ከፊቷ ቃጫ መዘዘች፣ ጠመጠመች፣ ቋጠረች፣ አወጣችና መቀነቷ ውስጥ ከተተች። ታዲያ እኔ ሞኟ፣ 'ማን አሸነፈ?' እላታለሁ። 'ወንድሜ' አለችኝና ሳቋን አፍና ተነሳች። አልገባኝም።

እና የሠርጉ ቀን ደረሰ። ቀለበቷ የብር ነበረች፣ ታምር ነበር። ወንጌላዊው 'አድርግላት' አለው፣ አደረገልኝ። እጄን ዝቅ ሳደርግ ወደ ጥፍሬ መጣች። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቡጢ ጨብጬ ነው የተዳርኩት። አማቴ፣ 'ሙሽራዋ ልትማታ ነው እንዴ የመጣችው?' ብለዋል አሉ።

ከዛ በኋላ ክር ጠመጠምኩባት፣ ያዘች። ግን ክር በውሃ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? በሦስተኛው ወር ቆጮ ጉድጓድ ስንከት፣ ስንረግጥ፣ በቅጠል ስናለብስ፣ ድንጋይ ስንጭን ዋልን። ስጨርስ እጄን ታጠብኩ፣ ቀለበት የለም። ሣሩን ፈለግኩ፣ ደጁን ፈለግኩ፣ የለም። ልቤ ጠፋ። ሙሽራ ቀለበት ከጣለች ምን እንደምትባል ታውቂያለሽ።»

«ምን ትባላለች እማማ?» አልኳቸው።

«'ልቧ እዚህ የለም' ትባላለቻ። ታዲያ ግራ እጄን ደበቅኩ። ምግብ ሳቀርብ በነጠላ ሸፍኜ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ። ሃንዲሶ፣ 'ታደለች፣ እጅሽን በረደሽ እንዴ?' ይለኛል። 'አዎ፣ በረደኝ።' በጋ ነው እኮ ልጄ፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል። 'እህ' ይላል፣ ዝም ይላል። እና እንዲህ እንዲህ እያልን መስቀል ደረሰ።

ለመስቀል ጉድጓዱ ተከፈተ። አማቴ ቆጮውን ይጨምቃሉ፣ ቃጫውን ይለቅማሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ይለቅማሉ፣ በኋላ ቆም አሉ። አንድ ጠቆር ያለ ነገር አነሱ። በቀሚሳቸው ጠረጉት፣ ወደ ብርሃን አደረጉት። እና ሳይስቁ፣ 'ሃንዲሶ፣ ና እስቲ። ይሄ ቆጮ ባል አለው' አሉ።»

እዚህ ላይ እማማ ራሳቸው በጣም ሳቁ፣ ልጄ ነቃች። አቅፈዋት እያወዛወዙ ቀጠሉ።

«እኔ ያን ጊዜ በቆጮው ፈንታ ጉድጓዱ ውስጥ ብገባ በወደድኩ። ሃንዲሶ መጣ፣ ቀለበቷን አየ፣ እኔን አየ። ማልቀስ ጀመርኩ። 'ለምን ታለቅሻለሽ? እኔ ከጠፋችበት ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ' አለኝ። 'ታዲያ ለምን ዝም አልክ?' አልኩት። 'ምን ልበል፣ በእንሰት ፍቀት ቀን ያበጠ ጣት አስለክቼ ያሠራሁት እኔ። ብናገር ጥፋቱ ያንቺ ሊመስልሽ ነው።' እንዲህ ነው ያለኝ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አልረሳሁትም።

ከዛ ታዲያ ራሱ ለካኝ። ጠዋት እጄን ውሃ ሳይነካው ለካኝ፣ ከሥራ ስነሳ ለካኝ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለካኝ። ሦስቱን ክር ምሰሶው ላይ አሰረ። አማቴ፣ 'ሰው ጥጃ ያስራል፣ የኔ ልጅ የሚስቱን ጣት ያስራል' ይላሉ። እና መካከለኛውን ያዘና ቋጥሮ ጣቴ ላይ አስገባ አወጣ፣ አስገባ አወጣ። 'ስትገባ አንጓው ጋ ትንሽ እንቢ ትበል፣ ስትወጣ ግን የባሰ እንቢ ትበል' አለኝ። ቀለበቷን በአመድ ፈትጌ አነጣሁለት፣ በዚያ ልክ ከተማ ወስዶ አስጠበባት። እያት።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጣታቸው ከስቶ ቀለበቷ ትዞራለች፣ ስቤ ላወጣት ስል ግን አንጓው ጋ ቀረች።

«አየሽ፣ ሥጋ ይመጣል፣ ሥጋ ይሄዳል፣ ቀለበት የሚጠብቀው አንጓው ነው። እና ያንን ባልሽን እንዲህ በይው፣ አያትህ ቢሆኑ ቁጥር ላኪ አይሉም፣ ራሳቸው መጥተው ይለኩኝ ነበር በይው» ብለው ሳቁ።

ነገርኩት። እሱም ሳቀ፣ ግን ፈቃድ የሚያገኘው ለዛች እሑድ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ቁጥሩን መላክ አለብኝ። እንዳሉት ሦስቴ ለካሁ። ጠዋት አምስት ሴንቲ ተኩል ነው፣ ማታ ስድስት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። መካከለኛው ጠዋት አንጓዬን በደንብ ያልፋል፣ ማታ ግን ያለ ሳሙና አያልፍም። የሚያስፈራኝ እማማ ታደለች እጃቸው ያበጠው ለአንድ ቀን ነው፣ የኔ ከወሊድ ነው። ይሄ እብጠት የሚሄድ ከሆነ በሰፊው ልኬ እኔም ልጥላት ነው። የማይሄድ ከሆነ ደግሞ በጠባቡ ልኬ በዛች እሑድ ሰው ፊት አልገባም ልትል ነው።

የወለዳችሁ እህቶች፣ ጣታችሁ በስንተኛው ወር ተመለሰ? ወይስ እንደዛው ቀረ? መካከለኛውን ልላክ ወይስ የማታውን? እባካችሁ ከዓርብ በፊት ምከሩኝ። ሦስቱም ክር የልጄ አልጋ ላይ ታስረዋል።