ወተት የሌለው ሻይ

በሰው አገር፣ ከአያሃ ሠፈር 26 ጁን ወደሚባለው ሠፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የቤት ሠራተኞች በአማርኛ ያወራሉ።

«ዛሬ ፊትሽ በርቷል።»

«አሠሪዬ መጾሜን አወቀችብኝ።»

«በስመአብ፣ አባረረችሽ እንዴ?»

«ትናንት የሰጠችኝን የወተት ሻይ ስደፋ ደረሰችብኝ። እኔማ አለቀልኝ ብዬ ነበር።»

«እሺ፣ ምን አለችሽ?»

«‹እኔም እኮ እጾማለሁ፣ ለምን አልነገርሽኝም?› አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ራሷ ያለ ወተት አፍልታ ሰጠችኝ።»

«ተመስገን በይ እንግዲህ።»

«አልኩ እንጂ። እዚያ ቤት ሁልጊዜ በልቤ ነበር የምለው፤ ዛሬ ዕቃ እያጠብኩ ድምፄን አውጥቼ አልኩት።»

«ሰማችሽ?»

«ሰማችኝ። ከሳሎን ሆና ‹አልሐምዱሊላህ› ብላ ተቀበለችኝ።»

መውረጃዬን ካለፍን ቆይተናል፣ እኔ ግን ወራጅ አላልኩም።