ካርቶኑ ያልተጣለው ስካነር

ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፕ ላይ፣ የሆቴል አልጋ ነበር የማነጥፈው። ኮሮና ካዚኖውን ዘግቶ ቤት ያስቀመጠኝ ሰሞን፣ ግሪን ቫሊ ሰፈር የሚኖሩት፣ ስልካቸው እምቢ ባለ ቁጥር የሚጠሩኝ እትዬ አስቴር ደወሉልኝ። ጠበቃቸው የታናሽ ልጃቸው የቪዛ ወረቀት ስካን ተደርጎ ዛሬውኑ ካልደረሰኝ የማስገቢያው ቀን ያልፋል ብሏቸዋል፤ በስልክ የተነሳ ፎቶም አልቀበልም ብሏል። ቤታቸው ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ስካነር አለ። ግን ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ የሚለው አማቻቸው "ኮምፒውተሩ አያውቀውም፤ ይጣሉት!" ብሎ ሄዷል።

ማስኬን አጥልቄ ደረስኩ። "እትዬ፣ ካርቶኑስ?" አልኳቸው። "ምን በወጣው ይጣላል!" ብለው ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት። እኛ መቼም ካርቶን አንጥልም! ሲዲውም መመሪያውም ውስጡ ነበሩ። መመሪያው ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ስካነሩን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ሳይጫን ገመዱ እንዳይሰካ ብሎ በቀይ ጽፏል። አዋቂው ለካ ገመዱን ቀድሞ ሰክቶ፣ ኮምፒውተሩ የማይሆን ድራይቨር ሰጥቶት ኖሯል። ገመዱን ነቀልኩ፤ የተሳሳተውን ዲሊት አደረግሁ። የሲዲውን ድራይቨር በድሮው ዊንዶውስ አሠራር እንዲነሳ አድርጌ ጫንኩት፤ ከዚያ ሪስታርት አድርጌ ገመዱን ሰካሁ። ስካነሩ አጉረመረመ። መብራቱ ከመስተዋቱ ሥር መሄድ ሲጀምር፣ እትዬ አስቴር እልልታቸውን አቀለጡት!

ወረቀቱ ለጠበቃው በሰዓቱ ደረሰ። አማቻቸው ሲደውል በስፒከር አደረጉት። ስካነሩ ሠራ ሲሉት፣ "የቱን ቴክኒሻን አመጡ?" አለ።

"ይጣሉት ያልከኝን ያስነሳችው አልጋ አንጣፊዋ ናት!" አሉት።

እኔ ዳንቴሉን አንስቼ፣ እንደ ሆቴል አልጋ ጥግ ጥጉን እያስተካከልኩ ስካነሩ ላይ አነጠፍኩት።