ወንድሜን ቁረጪልኝ

አዳማ፣ ረፋድ ላይ፤ ልኳንዳ ቤቱን ከታናሽ ወንድሙ ጋር የከፈተው ደባልቄ ደም የነካው ጋዋኑን ሳያወልቅ፣ ቢላውን እንደያዘ ዲዛይነሯ ትርሲት ኮምፒውተር ፊት ተገትሯል።

ደባልቄ፦ ወንድሜን ከፎቶው ቁረጪው አልኩሽ! አሁኑኑ ከዌብሳይቴ አናት ላይ ይውረድልኝ!

ትርሲት፦ ጋሽ ደባልቄ፣ መጀመሪያ ቢላውን ያስቀምጡ። ቢላ ተደቅኖብኝ ሥራ አልሠራም እኮ።

ደባልቄ፦ ቢላዬ ምን አረገሽ? ሥራሽን ሥሪ! ጽሑፉም ይስተካከል። «ደባልቄና ወንድሙ» የሚለው «ደባልቄ» ብቻ ይሁን።

ትርሲት፦ ትናንት ጭንቅላቱን በመጥረቢያ እጀታ ፈነከቱት፤ ዛሬ ደግሞ ከፎቶ ያስቆርጡታል?

ደባልቄ፦ ማን ነገረሽ?

ትርሲት፦ ሰፈሩ ሁሉ እያየ አይደል እንዴ በደም ተነክሮ በባጃጅ ሆስፒታል የሄደው!

ደባልቄ፦ ይበለው! ቢላ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ! ጭራሽ «የራሴን ልክፈት» ይለኛል? እንኳን ፈነከትኩት! ደግሜ ባገኘው ደግሞ አልምረውም!

ትርሲት፦ እሺ፣ በቃ፣ ይኸው አጠፋሁት። አዩት? እርስዎ ሊወድቁ ነው።

ደባልቄ፦ ምን ትላለች ይቺ!

ትርሲት፦ እሱን ተደግፈው ነው ፎቶውን የተነሱት። እሱ ሲወጣ እርስዎ ተንጋደዱ።

ደባልቄ፦ በሬ ረግጦኝ እግሬ ጀሶ ውስጥ ነበራ! ታዲያ ቀጥ አድርጊኝ!

ትርሲት፦ እጁስ? ብብትዎ ሥር ገብቶ ጋዋንዎን ጨምድዶታል። እሱን ሳጠፋ ደረትዎ አብሮ ይጠፋል።

ደባልቄ፦ ወግጂ! እኔው ራሴ አወጣዋለሁ!

ትርሲት፦ ኧረ በእመቤቴ! ኧረ ስክሪኑን! በቢላ ወጉት! ጉድ ሠሩኝ!

ደባልቄ፦ ጠፋ! ተገላገልኩ!

ትርሲት፦ የጠፋው የኔ ስክሪን ነው! ፎቶው ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው። ይኸው፣ ላፕቶፑ ላይ ይዩት፤ አንድም ነገር አልሆነም።

ደባልቄ፦ አንቺም ከሱ ጋር ነሽ ማለት ነው! አንቺንም እንዳልደግምሽ!

ትርሲት፦ ይድገሙኝ! ጠዋት ደውሎልኛል። ጭንቅላቱን አሥራ አራት ቦታ ተሰፍቶ ድምፁ እንኳ በቅጡ አይሰማም።

ደባልቄ፦ ለፖሊስ መስክሪልኝ አለሽ፤ አይደል? ተናገሪ!

ትርሲት፦ «ወንድሜ መምጣቱ አይቀርም፤ ቁረጪው ካለሽ እንዳትከራከሪው፣ ቁረጪኝ» አለኝ።

ደባልቄ፦ ሌላስ? ሌላስ ምን አለ?

ትርሲት፦ «እጄን ብቻ ተዪለት፤ ይወድቃል» አለኝ።