የአደ ሲንቄ ፍርሃትና ኢንተርኔት ያለው ቴሌቪዥን

እህቴ፣ ቤትሽ የሚገባውን ነገር ሁሉ ትፈሪያለሽ? እኔም እፈራለሁ። ልጆቼን አሳድጌ ድሬአለሁ፤ ፍርሃቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የአደ ሲንቄን ነገር ላጫውትሽ፤ አረፍ በይና ስሚኝ።

አደ ሲንቄ፣ «አደ» በኦሮምኛ «ወይዘሮ» ማለት ነው፣ እዚሁ አምቦ የሚኖሩ ጸሎተኛ ሴት ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸውና የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሄቨን ናቸው። ሴት ልጃቸው፣ የሄቨን እናት፣ ዓረብ አገር ናት። ጌዶ የሚያስተምረው ወንድ ልጃቸው ፍሮምሳ «እማዬ፣ ያ አሮጌ ቴሌቪዥን ሞቷል፤ ኢንተርኔት ያለውን ግዢ» እያለ ሲወተውታቸው ወር አልፎታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበያ ሲወጡ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት ሱቅ ፊት ቆሙ። ሳይገቡም ሳይሄዱም ቆመው ሳለ፣ የጨርቅ ነጋዴዋ የሸምሲያ ልጅ ሩዋይዳ አገኘቻቸው። ጎረቤታቸው ናት፤ ሄቨን በምትማርበት ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ታስተምራለች።

«አካም ቡልተኒ፣ አደ ሲንቄ?»

«ነጋ፣ ገለኒ ዋቃፍ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይሄ ነገር ቤት ውስጥ የሚወራውን ይሰማል ይላሉ። እውነት ነው?»

«አንዳንዱ ይሰማል፤ ልዋሽዎት አልችልም። ግን መስሚያው ይዘጋል።»

«ይኸው፣ በአፍሽ አልሽው። ሳሎኔ ውስጥ እኮ ሴቶች ተሰብስበው ይጸልያሉ። የባሏን በደል እያለቀሰች የምትናገር አለች። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊሰማት ነው?»

«ካላመኑት ሶኬቱን ይንቀሉታ። የተነቀለ ቴሌቪዥን ከቁምሳጥን በምን ይለያል?»

«አፍሽ ሥራ አይፈታም። ኮሚሽን ይሰጡሻል እንዴ?»

«ቢሰጡኝማ እናቴ ጨርቋን ትታ ከጎኔ ትቆም ነበር።»

አደ ሲንቄ ፈገግ አሉና መልሰው ፊታቸው ከበደ።

«ሳቂ አንቺ። እኔ ስልክ ላይ በተጻፈ ነገር ፍሮምሳን ሁለት ወር አስረውብኛል። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። ብልግናውስ? የሰው ልጅ አደራ አለብኝ። የሄቨንን ስልክ እንኳ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቤቴ ንጹሕ ነው።»

ሩዋይዳ ግን፣ «የትኛውን ስልክ ነው የቆለፉት?» አለች።

«ጥቁሩን ነዋ።»

«እሱ እኮ የተበላሸው ነው። የሚሠራው እሷ ጋ ነው። ትናንት በእሱ ጽፋልኛለች።»

«ምን ብላ?»

«መታወቂያ የሌላት ልጅ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ያሳፍሯታል ወይ ብላ። እርስዎ የሚያውቁት መስሎኝ ነበር።»

አደ ሲንቄ የገበያውን ነገር ትተው ወደ መንገዱ ዞሩ። ሩዋይዳ ባጃጅ ውስጥ አስገብታቸው አብራቸው ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ «ጌታ ሆይ፣ አድርሰኝ» እያሉ ሄዱ። ገበያ ውለው እንደሚመጡ ለሄቨን የነገሯት ራሳቸው ናቸው።

ሲደርሱ በሩ ገርበብ ብሏል። ሄቨን ጫማዋን አጥልቃ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ልብስ ሞልታበት፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ብሆን ሰፈሩን በጩኸት አናውጠው ነበር። እሳቸውም አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሩዋይዳ ክንዳቸውን ያዝ ስታደርጋቸው ግን ልጅቷ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ማን ጋ ልትሄጂ ነው የኔ ልጅ?»

«ዲንሳ ይባላል። አይቼው አላውቅም። ልብስ ስፌት አስተምረው ሥራ ያስገባሉ አለኝ። መናኸሪያ ይጠብቀኛል።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ስልክ ስነካ ሰይጣን ነው ትያለሽ። ስፌት በስልክ ስማር ነው ያገኘኝ። ብነግርሽ ስልኩን ትሰብሪዋለሽ እንጂ ማነው ብለሽ አትጠይቂኝም።»

አደ ሲንቄ የልብሱን ቦርሳ ወደ ራሳቸው ሳቡት። «እኔ በሩን ዘግቼ እጠብቃለሁ፤ ሰውዬው ለካ በስልኳ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብቷል» አሉ።

«የገባውም ብቻዋን ስለምታይ ነው» አለች ሩዋይዳ። «ስፌቱን ሳሎን ውስጥ፣ በትልቁ ቴሌቪዥን ብታይ እርስዎም አብረው ያያሉ። ለልጅ የማይሆነውን የሚዘጋ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን እርስዎ ይይዙታል። ክፉ ነገር አይመጣም አልልዎትም። ሲመጣ ግን ብቻዋን አያገኛትም።»

«ስልኩስ?»

«ስልኩ ሲመሽ ሳሎን ይደር። በቁጣ ግን አይሁን፤ ተስማምታችሁ።»

ሄቨን እንባዋን እየጠረገች በአንገቷ እሺ አለች።

«ቁጥሩን ብቻ የልደትዎን ቀን እንዳያደርጉት፤ ትደርስበታለች።»

«እኔ ራሴ የማላውቀውን በምን ትደርስበታለች?» አሉ አደ ሲንቄ። ልጅቷ ሳቀች፤ እሳቸው ግን ያኔ ነው ማልቀስ የጀመሩት።

ፍሮምሳ በማግስቱ ከጌዶ መጣ። ከሩዋይዳ ጋር ሆነው የሰውዬውን ስልክ ቁጥር ለፖሊስ ሰጡ። ቴሌቪዥኑም ተገዛ፤ መስሚያውን ሩዋይዳ ዘጋችላቸው።

አሁን ሄቨን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያትና ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የቀሚስ አንገት አቆራረጥ ያያሉ፤ ሸምሲያ በምትሰጣቸው ቁርጥራጭ ይሞክሩታል። ማስታወቂያ መሐል ያልወደዱት ነገር ሲመጣ አደ ሲንቄ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይላሉ፤ ልጅቷ ታስረዳቸዋለች፤ አንዳንዴ ይዘጉታል፣ አንዳንዴ ይከራከራሉ። ስብከትም ያዳምጣሉ። ፍርሃታቸው ጠፋ አልልሽም። መናኸሪያ በኩል ሲያልፉ ዛሬም አውቶቡሶቹን ዞር ብለው ያያሉ። ግን የሚፈሩት ነገር ፊት ለፊታቸው ሆኗል፤ ሄቨንም የማታውቀው ሰው ሲጽፍላት መጀመሪያ የምታሳየው ለእሳቸው ነው።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ዛሬ ልጅሽ አጠገብ ተቀመጪና «ምን እያየሽ ነው?» በያት። ተናግራ እስክትጨርስ ግን አትቆጪ።