ከአዋላጇ ቤት ወለል በታች

ልብስ ሰፊው ሊገዙት ካሰቡት ቤት ሜትራቸውን እየጠቀለሉ ሲወጡ፣ በሩ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቷ የውሃና የፍሳሽ ሥራ የተማረች መሐንዲስ ናት፤ ከዚያው ሰፈር፣ መንገድ ከሚቆፈርበት ቦታ መምጣቷ ነበር። ቦቲዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ልብስ ሰፊው ግን ከደስታቸው ብዛት ጭቃውን እንኳ ሳያዩ አቀፏት።

«ነገ ውል እንፈራረማለን!» አሉ። «ዕድሜ ልኬን ያጎነበስኩት ለዚች ቀን ነው። ልጆቼም ከነልጆቻቸው አብረውኝ ይገባሉ። ከእንግዲህ በኪራይ ቤት መንከራተት ቀረ!»

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! ቤቱን በደንብ አዩት?»

«ኧረ ምኑ ይቀራል! ጣሪያው ላይ ወጥቻለሁ፣ ግድግዳውን አንኳኩቻለሁ፣ መጋረጃውንም ለክቼ ጨርሻለሁ።»

«የፍሳሽ መስመሩንስ?»

«እሱ ደግሞ ምኑ ይታያል? ከመሬት በታች ነው» ብለው ሳቁ።

«ለዚያ እኮ ነው መታየት ያለበት። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ረጅም ገመድ ቱቦው ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀው፣ የተደፈነው፣ የዛፍ ሥር የበላው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔው አመጣዋለሁ።»

የልብስ ሰፊው ፊት ጠቆር አለ። ወደ በሩ ዞር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሻጯ እኮ ሲስተር ናቸው። ልጆቼን ሁሉ በእጃቸው የተቀበሉ አዋላጅ! ምን ዓይን ኖሮኝ ነው የመጸዳጃ ቤትዎን ጉድ በካሜራ ልይ የምላቸው? ወለሉን ብታዪው ፊትሽን ያሳይሻል።»

እውነትም ወለሉ ያበራል። ግን ቤት ስንገዛ የብዙዎቻችን ዓይን ከወለል በታች አይወርድም፤ ውስጡን ለቄስ ብለን እናልፋለን። ይሉኝታም ክፉ ደላላ ነው፤ ማንም ሳይጠራው መሃል ገብቶ ሻጭና ገዢን ዝም ያሰኛል።

«ሲስተርን ማን ነካቸው ጋሼ?» አለች ልጅቷ። «ቱቦውን የቀበሩት እሳቸው አይደሉም። የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው፤ የተጎዳ ቱቦም ቢሆን የአንድ ሰው ውሃ አያቅተውም። እርስዎ ከነልጅ ልጆችዎ ገብተው፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጠዋት ሲታጠብ ግን የሄደው ቆሻሻ ተመልሶ ቤት ይገባል። ሕፃኗ የልጅ ልጅዎ ደግሞ እዚያው ወለል ላይ ልትድህ ነው። ያን ጊዜ ሲስተርን ምን ይሏቸዋል?»

«እኔ? ምንም አልላቸውም!»

«አይሏቸውም፤ ግን ይቀየማሉ። መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ሰላምታዎ ይቀዘቅዛል። እስቲ ይንገሩኝ፣ የሚጠገን ኮት ሲመጣልዎ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ገልብጬ ስፌቱን አያለኋ።»

«ባለኮቱ ይቀየማል?»

«ምን ያስቀይመዋል? ሳይታይ እንዴት ይጠገናል?» አሉና በገዛ አፋቸው መያዛቸው ገባቸው።

የፈሩት ቱቦውን አልነበረም፤ የሲስተርን ፊት ነበር። ቢሆንም ሕፃኗ ፊታቸው ላይ ድቅን አለችባቸው። «እሺ፤ ግን አንቺ ተናገሪ» አሉ።

«አይሆንም ጋሼ። ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ነው የሚያምረው።»

ተመልሰው አንኳኩ። አዋላጇ ሲከፍቱ ልብስ ሰፊው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ሲስተር፣ ይቅርታዎን... ይቺ ልጅ የፍሳሽ መስመሩ በካሜራ ይታይ ትላለች። ካስቀየምኩዎ ግን እንተወው» አሉ።

አዋላጇ ደነገጡ። «ይሸታችኋል እንዴ?» አሉ፤ ነጠላቸውንም ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«ኧረ ምንም!» አሉ ልብስ ሰፊው። ልጅቷ ግን ረጋ ብላ፣ «ለእርስዎስ ይሸትዎታል?» ብላ ጠየቀች። አዋላጇ ከበሩ ገለል አሉ። «ግቡና እዩት» ብቻ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ካሜራው ወረደ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ንጹሕ ቱቦ ታየ። መኝታ ክፍሉ ሥር ሲደርስ ቱቦው ተሰብሯል፤ የዛፍ ሥር ሞልቶታል፤ ፍሳሹም ወደ አፈሩ ይሰርጋል።

«ሽታው የሚመጣው ከዚህ ነው» አለች ልጅቷ።

አዋላጇ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «እኔ እኮ ከራሴ መስሎኝ ነበር» አሉ። «እርጅና ነው ብዬ ጠዋት ማታ ገላዬን እታጠባለሁ፣ ወለሉን በበረኪና እፈትጋለሁ፣ ሰው ሲመጣ መስኮት እከፍታለሁ። ልጄ ባዶ ክፍል አለኝ፣ ነይ አብረን እንኑር ስትለኝ እምቢ ብዬ ለብቻዬ ትንሽ ቤት ልከራይ ያሰብኩት ለዚህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቷን ሴት ስመክር ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን አፈርኩ!»

ልብስ ሰፊው አጠገባቸው ተቀምጠው እንደ ወንድም ትከሻቸውን ያዙ። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። «አከበርኩዎ ብዬ ዝም ብል ኖሮ እርስዎን ከነሃፍረትዎ ትቼ፣ የልጅ ልጄንም ለበሽታ አጋልጬ ነበር። ውሉ ይቆይ፤ መጀመሪያ ቱቦው ይቀየር። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ልገዛ ነው ላለኝ ሁሉ ከጣሪያው በፊት ከወለሉ በታች አስፈትሽ እለዋለሁ። የሚከፋው ሻጭ ካለ ወደ እርስዎ እልከዋለሁ።»

«ላክልኝ ወንድሜ» አሉ አዋላጇ። እንባቸውን ጠርገው ስልካቸውን አነሱና ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«ልጄ» አሉ፣ «ያ ክፍል አሁንም ባዶ ነው?»